በልጅ የዓይን ነርቭ ላይ ዕጢ ሲገኝ፦ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው? ወላጅስ ምን ማድረግ አለበት?

«ዕጢው መቼ ነው የሚወጣለት?» የሚለው ጥያቄ ሀዋሳ ውስጥ በዓይን ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ ከወላጆች ደጋግሜ የሰማሁት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ዕጢ ሲባል ለማንኛችንም ቀድሞ የሚታየን ቆርጦ መጣል ስለሆነ ጥያቄው የሚጠበቅ ነው። በልጆች የዓይን ነርቭ ላይ ለሚወጣ ዕጢ ግን ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ሊሆን ይገባዋል፤ መቅደም ያለበት «ልጁ በዚህ ዓይኑ አሁን ምን ያህል ያያል?» የሚለው ነው። ቀዶ ሕክምናው ዕጢውን ያወጣል እንጂ እይታን አይመልስም፤ ዕጢው የወጣበት ነርቭ ሲቆረጥ በዚያ ዓይን የቀረው ብርሃን ጥቂትም ቢሆን በዚያው ቀን ለዘለቄታው ይጠፋል። ከዚህ በታች ያለው የሐኪምን ምክር የሚተካ አይደለም፤ ወላጅ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ምን ይዞ መሄድ፣ ምን መጠየቅና ከሕክምናው ምን መጠበቅ እንዳለበት ለማሳየት የተጻፈ ነው።

«ዕጢ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ሰው ያደናግራል። በአማርኛ ዕጢ የምንለው በተፈጥሮ በሰውነታችን ያለውን፣ ሆርሞን ወይም ምራቅ የሚያመነጨውንም፣ ያለ ቦታው የሚያድገውን እባጭም ነው። በዚህ ምክንያት አንዱ ወላጅ ቃሉን ሰምቶ እንደ ቀላል ነገር ቸል ሲል ሌላው የልጁ ነገር ያበቃ መስሎት ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሐኪሙ ዕጢ አለ ካሉ «ምን ዓይነት ዕጢ?» ብለው ይጠይቁ፤ ስሙንም በወረቀት ያስጽፉ። በልጆች የዓይን ነርቭ ላይ በብዛት የሚገኘው ግላዮማ የሚባለው ነው። አብዛኛውም ፓይሎሳይቲክ አስትሮሳይቶማ የተሰኘው፣ በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ደረጃ 1 ላይ የተቀመጠውና ቀስ ብሎ የሚያድገው ዓይነት ነው። ከአራት ታማሚዎች ሦስቱ ያህል በሽታው የሚታወቅባቸው 10 ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን መለየት ያለበት ሌላ በሽታ አለ። በልጅዎ ዓይን ጥቁር መሃል ላይ ነጭ ነገር የሚታይ ከሆነ፣ ወይም በስልክ ፍላሽ ፎቶ ሲያነሡት አንዱ ዓይን ነጭ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ፣ ችግሩ የዓይን ነርቭ ግላዮማ ሳይሆን ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የሬቲና (በዓይን ኳስ ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን የሚቀበል ሽፋን) ካንሰር ሊሆን ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ይይዛል፤ በጊዜ ካልታከመም ይገድላል። በሬቲኖብላስቶማ ጊዜ ሐኪሙ ዓይኑ ይውጣ ካሉ ያ ውሳኔ የልጁን ሕይወት ለማትረፍ ነው፤ ወላጅ «ልጄን ዓይነ ስውር አላደርግም» ብሎ ሲያመነታ የሚያልፉት ሳምንታት ሊመለሱ አይችሉም። ቀጥሎ «ቀስ ብለው ይወስኑ» የምለው ሁሉ ለግላዮማ ብቻ እንጂ ለዚህኛው በሽታ አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች

ትንሽ ልጅ በአንድ ዓይኑ ማየት ሲያቆም አይናገርም፤ በሌላው ዓይኑ እያየ እንደ ልቡ ስለሚጫወት ቤተሰቡ ወራት ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ከሁሉ የሚቀለው ፍተሻ ልጁ የሚወደውን ነገር እያዩት ሳለ አንድ ዓይኑን በመዳፍ መሸፈንና ከዚያ ሌላውን መሸፈን ነው። አንደኛው ሲሸፈን ዝም ብሎ ሌላኛው ሲሸፈን የሚያለቅስ ወይም እጅዎን የሚገፋ ከሆነ፣ የተገፋው እጅ የሸፈነው ደህናውን ዓይን ነው ማለት ነው። ዓይኑ ወደ ውጭ መውጣቱን ለማየት ፊት ለፊት ከማየት ይልቅ ልጁን ከፊትዎ አስቀምጠው ከኋላው ቆመው ከግንባሩ በላይ ቁልቁል ቢያዩ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። አዲስ የመጣ መንሸዋረር፣ የዓይን ኳስ ያለ ማቋረጥ መርገብገብ፣ አንገትን አዘንብሎ ማየትም ከምልክቶቹ መካከል ናቸው።

ልብሱን አውልቀው ቆዳውንም ይዩት። ወተት የበዛበት ቡና የሚመስል ቀለም ያላቸው፣ ስፋታቸው ከ5 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ነጠብጣቦች ካሉበት፣ በብብቱና በጭኑ መጋጠሚያም ጠቃጠቆ ካለ፣ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 የሚባለው የዘረመል ችግር ሊኖርበት ይችላል። ይህ ችግር ካለባቸው ልጆች ከ15 እስከ 20 ከመቶ የሚሆኑት በእይታ ነርቮቻቸው ላይ ግላዮማ ይወጣባቸዋል፤ ደግነቱ ከእነዚህ ብዙዎቹ እይታቸው ሳይጎዳ ይኖራሉ። ችግሩ ካለባቸው ሰዎች በግማሾቹ ከወላጅ የተወረሰ ሳይሆን በልጁ ላይ አዲስ የመጣ ስለሆነ እናትና አባት ማን አመጣው እየተባባሉ መወቃቀሳቸው ዋጋ የለውም። ነጠብጣቦቹን ለሐኪሙ ማሳየት ግን ብዙ ነገር ይለውጣል፤ እነዚህ ልጆች ብዙውን ጊዜ ናሙና ሳይወሰድላቸው በምስል ብቻ በሽታቸው ይታወቃል፣ ለጨረር ሕክምናም ምቹ አይደሉም።

በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚታይ አንድ አታላይ ምልክት አለ። ዕጢው ሁለቱ ነርቮች ከሚገናኙበት መስቀለኛ ስፍራ ተነሥቶ ከሥሩ ያለውን የአንጎል ክፍል ሲጫን ሕፃኑ እየበላም እየከሳ ይሄዳል፤ ፊቱ ግን ንቁና ደስተኛ ሆኖ ይቆያል። እንዲህ ያለ ሕፃን የምግብ እጥረት አለበት ተብሎ ፕላምፒ ነት የተባለው አልሚ ምግብ እየተሰጠው ወራት ሊያሳልፍ ይችላል። ክብደቱ አልጨምር ያለ ሕፃን ዓይኑ የሚርገበገብ ከሆነ ሁለቱን ነገሮች በአንድነት ለሐኪም ይንገሩ።

ከጤና ጣቢያ እስከ ኤም.አር.አይ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ካርድዎ የታደሰ መሆኑን ያረጋግጡና ከጤና ጣቢያዎ ይጀምሩ። ከሀዋሳ ከተማ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ መንገዱ ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም እኛ በተለምዶ ሪፈራል ወደምንለው ወደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያመራል። ሪፈር ሳያጽፉ በቀጥታ የሄደ ቤተሰብ ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ስለሚችል ወረቀቱ የሚያስከትለው መጉላላት ቢያሰለችም ይታገሡት። ከዚያ በላይ ያለው ሕክምና ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው፤ የዓይኑ በዳግማዊ ምኒልክ፣ የሕፃናት ካንሰር ሕክምናው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሰጣል። ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እያንዳንዱ ቀጠሮ ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሥራን፣ ገንዘብንና የቀሩትን ልጆች ጠባቂ በዚህ ልክ ያሰናዱ።

ለዚህ በሽታ ዋናው ምርመራ የአንጎልና የዓይን ጎድጓዳ ኤም.አር.አይ (በማግኔት የሚሠራ የምስል ምርመራ) ከንጥረ ቀለም መርፌ ጋር ነው። ሲቲ ስካን በጨረር ስለሚሠራና ነርቩን በደንብ ስለማያሳይ ምትኩ አይሆንም። ትንሽ ልጅ ሳይንቀሳቀስ መተኛት ስለማይችል ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ባዶ ሆድ መሆን አለበት። የተለመደው ሕግ ምግብና የላም ወተት 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ማቆም ነው። ይህም ማለት ምርመራው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከሆነ ምግብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ጡት ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ውኃ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። ቀጠሮ የሰጠዎት ሰው ሰዓቱን በሀበሻ ነው ወይስ በፈረንጅ የነገረዎት የሚለውን ሳያረጋግጡ አይውጡ፤ በዚህች ስህተት ብቻ ልጅ ተርቦ ውሎ ሳይመረመር የተመለሰበት ቀን ነበር።

ከምርመራው በኋላ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲ ይቀበሉ። አንድ ደብተር ያዘጋጁና በየምርመራው የሁለቱን ዓይኖች የእይታ መጠን ለየብቻ ያስጽፉ። የሆስፒታል ውጤቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጻፉ ከጎናቸው የእኛን ቀን ይጨምሩ። ይህ ደብተር ከሲዲው ያላነሰ ዋጋ አለው፤ የዕጢው መጠንና የልጁ እይታ አብረው ላይሄዱ ይችላሉና። ዕጢው ሳያድግ እይታ የሚደክምበት፣ ዕጢው አድጎም እይታ ባለበት የሚቆይበት ጊዜ አለ። ሐኪሞቹ ሕክምና ይጀመር ወይስ ይጠበቅ የሚለውን የሚወስኑት በአብዛኛው እይታው እየቀነሰ ስለመሆኑ ባለው ማስረጃ ላይ ተመሥርተው ነው።

ቢላዋ የሚነሣው መቼ ነው?

የዓይን ነርቭ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን ክሮች የተሸከመ፣ በአፈጣጠሩም የአንጎል አካል የሆነ ገመድ ነው። ግላዮማ በእነዚህ ክሮች መካከል ተሰበጣጥሮ ስለሚያድግ እንደ ፍሬ ከልጣጩ ተለይቶ አይወጣም፤ ዕጢውን ማውጣት ነርቩን ማውጣት ነው። የተቆረጠ የዓይን ነርቭ ደግሞ አይበቅልም፣ አይቀጠልም። «የእኔን አንድ ዓይን ውሰዱና ለልጄ ስጡልኝ» ብለው የለመኑኝ አባት ከልቤ አይጠፉም። ከዓይን ባንክ የሚሰጠው ግን የዓይን የፊት መስታወት የሆነው ኮርኒያ ብቻ ነው፤ ነርቩ የተጎዳበትን ልጅ እንዲያይ የሚያደርግ ንቅለ ተከላ እስካሁን የለም።

በዚህ የተነሣ ልጁ ጥሩ እያየ ከሆነ የመጀመሪያው ሕክምና ክትትል ነው። ክትትል ሲባል ብዙ ወላጅ «ምንም ሳያደርጉልኝ መለሱኝ» ብሎ ያዝናል፤ ነገር ግን ግላዮማው ባለበት የሚቆምበት፣ አልፎ አልፎም በራሱ የሚሟሽሽበት ጊዜ ስላለ መጠበቁ የታሰበበት ሕክምና ነው። እይታው መቀነስ ሲጀምር ወይም ዕጢው ሲያድግ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ኬሞቴራፒ፣ ማለትም ዕጢውን የሚያዳክም መድኃኒት ነው፤ ካርቦፕላቲንና ቪንክርስቲን አንድ ላይ፣ ወይም ቪንብላስቲን ለብቻው፣ ለአንድ ዓመትና ከዚያ ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ይሰጣሉ። በየሳምንቱ ከሀዋሳ መመላለስ የማይቻል ከሆነ ዝም ብለው ከመቅረት ይልቅ በየወሩ የሚሰጥ አማራጭ እንዳለ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ካርቦፕላቲን ለብቻው እንዲያ የሚሰጥበት አሠራር አለ። በተወሰነ የዘረመል ለውጥ ላይ ያነጣጠሩ የሚዋጡ አዳዲስ መድኃኒቶችም ወጥተዋል፤ ለምሳሌ ዳብራፌኒብ ከትራሜቲኒብ ጋር በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለልጆች ተፈቅዷል፤ ዋጋቸው ግን እጅግ ውድ ነው። የጨረር ሕክምና በትንንሽ ልጆች፣ በተለይ ነጠብጣብ ባለባቸው፣ የአንጎል ደም ሥሮችን ሊያጠብና ከዓመታት በኋላ ሌላ ዕጢ ሊያስከትል ስለሚችል በተቻለ መጠን ይርቁታል።

ታዲያ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው በጥቂት ሁኔታዎች ነው። ዋናው ዕጢው በአንድ ነርቭ ላይ ብቻ ሆኖ፣ ያ ዓይን ማየት አቁሞ ወይም ለማቆም ተቃርቦ፣ ዓይኑ ከመጠን በላይ ወደ ውጭ በመውጣቱ ሕመም ሲኖር ወይም ሽፋኑ አልከደን ብሎ ኮርኒያው ሲቆስል ነው። ሐኪሞቹ ከጎን በኩል የዓይን ጎድጓዳውን አጥንት ከፍተው፣ ወይም ዕጢው ወደ ኋላ የዘለቀ ከሆነ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ባለበት በግንባር በኩል የራስ ቅልን ከፍተው፣ ከዓይን ኳሱ ጀርባ እስከ መስቀለኛው ስፍራ መቅረቢያ ያለውን ነርቭ ያወጣሉ። ወላጅ ሳይጠይቅ የማያውቀው ነገር የዓይን ኳሱ ራሱ ባለበት የሚቀር መሆኑ ነው። ደም በሌሎች ቀጫጭን ሥሮች ስለሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ ማየት ግን አይችልም። መስቀለኛው ስፍራ ላይ ተጠግቶ መቁረጥ የደህናውን ዓይን እይታ ሊነካ ስለሚችል ቀዶ ሐኪሙ ከዚያ ቀደም ብሎ ይቆማል። «ወደ ሌላው ዓይን እንዳይሻገር ቀድመን እናውጣው» የሚለው የቀድሞ ሐሳብ ዛሬ ለብቻው በቂ ምክንያት ተደርጎ አይወሰድም፤ ልጁ እያየ ሳለ ይህን ብቻ ምክንያት አድርጎ ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ወላጅ የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት ቢጠይቅ ነውር አይደለም።

ዕጢው በመስቀለኛው ስፍራ ወይም ከዚያ ኋላ ሲሆን ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ልጁን ማሳወር ወይም የሆርሞን ማዕከሉን ማበላሸት ይሆናልና። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ወደ ውጭ የወጣውን ክፍል መቀነስ፣ ውኃ የያዘውን ከረጢት ማፍሰስ፣ ምስሉ ካጠራጠረ ናሙና መውሰድ ነው። ዕጢው የአንጎልን ውኃ መንገድ ሲዘጋ ግን ነገሩ አስቸኳይ ይሆናል፤ ራስ ምታት፣ የጠዋት ትውከት፣ እንቅልፍ ማብዛት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ለዚህ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ሸንት የተባለ ቀጭን ቱቦ ከጭንቅላት ወደ ሆድ መዘርጋት ወይም በካሜራ አማካይነት አዲስ የውኃ መተላለፊያ መክፈት ነው።

ከመፈረምዎ በፊት ቀዶ ሐኪሙን የሚከተለውን በግልጽ ይጠይቁ፤ ይህ ቀዶ ሕክምና ለሕይወቱ ነው፣ ለሕመሙ ነው ወይስ ለመልኩ? አሁን በዚያ ዓይን ምን ያህል ያያል፣ በሌላውስ? ቢዘገይ ምን ይጎዳል? የአንጎልና የዓይን ቀዶ ሐኪሞቹ አብረው ተነጋግረዋል? ደም መዘጋጀት አለበት? የአማርኛው ማብራሪያ ካልገባዎት በሲዳምኛ ወይም በሚረዱት ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ይጠይቁ፤ ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ። ለልጁም እንደ አቅሙ ይነገረው። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ «መርፌ ብቻ ነው» ብሎ አስገብቶ ጭንቅላቱ ታስሮ እንዲነቃ ማድረግ እምነቱን ያሳጣል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

ለጥቂት ሳምንታት የዓይኑ ሽፋን ማበጥና መውደቅ፣ ዓይኑም በአንዳንድ አቅጣጫ አልንቀሳቀስ ማለት የተለመደ ነው፤ አብዛኛው በወራት ውስጥ ይሻላል፣ ጥቂቱ ግን ሊቀር ይችላል። ኮርኒያው ስሜቱ ሊቀንስ ስለሚችል ልጁ አቧራ ሲገባበት አይሰማውም፤ የታዘዘውን የዓይን ቅባት ሳያቋርጡ ያድርጉለት፣ በተለይ ሌሊት። ከአፍንጫው ወይም ከቁስሉ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ዓይኑ ከቀላና ካበጠ፣ ወይም ብዙ እየጠጣ ከመጠን በላይ የሚሸና ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይመለሱ። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ልጅም ቢሆን ትኩሳት ሲይዘው በቤት አይጠበቅም።

ጠበልን በተመለከተ ደጋግሜ እጠየቃለሁ። እምነትዎ የሚያዝዎትን ማድረግ መብትዎ ነው፤ ብዙ ቤተሰቦችም ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሄዱበታል። እኔ የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ውኃ እንዳይነካው፣ የተጀመረ መድኃኒትም እንዳይቋረጥ። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ መጨመር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ኮርኒያን አቃጥሎ ደህና የነበረውን ዓይን ያጠፋል።

ወደፊት ምን ይጠበቃል?

ስለ ሕይወቱ ያለው ዜና መልካም ነው፤ ሕክምና በተሟላባቸው አገሮች ከ10 ልጆች ዘጠኙና ከዚያ በላይ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ። በአንድ ነርቭ ብቻ የነበረ ዕጢ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የመመለስ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም ኤም.አር.አይ ክትትሉ ይቀጥላል። ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት እና ወደ ኋላ፣ ወደ አንጎሉ መሃል በዘለቁ ዕጢዎች ላይ ግን ውጤቱ የከፋ ነው።

ስለ እይታ ያለው ዜና ከዚህ ይለያል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ያለባቸውን ልጆች የተከታተለ ጥናት ከኬሞቴራፒ በኋላ 32 ከመቶዎቹ እይታቸው እንደተሻሻለ፣ 40 ከመቶዎቹ ባለበት እንደቆየ፣ 28 ከመቶዎቹ ደግሞ እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ በሕክምና ላይ እያለ ያለው እይታ ሳይቀንስ የቆየ ልጅ ተሳክቶለታል ማለት ነው፤ «አልተሻለውም» ብሎ ማቋረጥ ያገኘውን ማጣት ይሆናል።

ክትትሉ በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ አካባቢ፣ ከዚያም እየተራራቀ ለዓመታት ይሄዳል። በየጊዜው ቁመቱንና ክብደቱንም ያስለኩ፤ ሴት ልጅ ስምንት ዓመት፣ ወንድ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላቸው የጉርምስና ምልክት ካሳዩ ወይም እድገታቸው ከቆመ የሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋል። በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚያይ ልጅ ደህናውን ዓይን የሚከላከል የማይሰበር መነጽር፣ ለማየት ባያስፈልገውም፣ ሁልጊዜ ያድርግ፤ እሾህና ድንጋይ ለሚወራወሩበት ሰፈር ይህ ቅንጦት አይደለም። ትምህርት ቤት ሲገባ ለመምህሩ በጽሑፍ ያሳውቁና የማያይበት ዓይን ወደ ግድግዳው፣ የሚያየው ወደ ክፍሉ መሃል እንዲሆን ከፊት ወንበር ያስቀምጡት። መንገድ ሲሻገርም ባጃጅ በማያይበት በኩል ስለሚመጣበት አንገቱን ሙሉ በሙሉ ዞሮ ማየትን ከአሁኑ ያለማምዱት። በሁለቱም ዓይኖቹ እይታው እየደከመ ከሄደ ፈጽሞ እስኪጠፋ አይጠበቅም፤ ጥቂትም ቢሆን እያየ ሳለ ብሬልና በበትር መሄድ መማር ይቀለዋል፤ ለዚህም በቅርብ ሻሸመኔ ያለውን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ማነጋገር ይቻላል።